እንዴት አደራችሁ ለሚሉን



በአገራችን ማለዳ ሰው ከሰው ሲገናኝ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሌሊቱ ነው። «እንዴት አደራችሁ?» ይባላል። መልሱም የታወቀ ነው፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርን።» ብዙ ሰው ይህን የሚለዋወጠው ሳያስብበት ነው። በእኛ ቤት ግን ይህች ሰላምታ ላለፉት ሰባት ዓመታት በቀላሉ የማትመለስ ጥያቄ ሆናለች። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን ከልባችን እንላለን። «ደህና አደርን» የሚለው ላይ ስንደርስ ግን አንደበታችን ይያዛል። ሌሊቱ አልፏል እንጂ አላረፍንበትም።

ይህን የምንጽፈው ባልና ሚስት ሆነን ነው። ሕመሙ ያለው በአንዳችን ሥጋ ውስጥ ነው፤ ሌሊቱ ግን የሁለታችን ነው። አንዳችን ታማሚ፣ አንዳችን አስታማሚ ብንሆንም የምንነቃው አብረን፣ የምንጸልየው አብረን፣ ሲነጋም ደክሞን የምንነሣው አብረን ስለሆነ «እኛ» ብለን መጻፍ ይቀለናል። ሕመሙ ፋይብሮማያልጂያ ይባላል። ስሙን ሰምታችሁ የማታውቁ ብዙ እንደምትኖሩ እንገምታለን። በየቤቱ ግን ስሙን ሳያውቁ አብረውት የሚኖሩ አሉ። ለእነርሱ፣ በአጠገባቸው ላሉ ቅዱሳን፣ እንዲሁም «አማኝ ሰው ታሞ ሳይድን ሲቀር እምነቱ ምን ይሆናል?» ብላችሁ ለምትጠይቁ ወዳጆቻችን ነው የምንጽፈው።

ስሙን እስክናገኝ

ሲጀምር ከአንገትና ከትከሻ ነበር። ያየን ሁሉ «ብርድ ነው» አለን። ከዚያ ወደ ወገብ ወረደ፤ «ቁርጥማት ነው» ተባለ። ወጌሻ ዘንድ ሄደን ታሸች፤ ለሁለት ቀን መነሣት አቃታት። ቀስ በቀስ ሕመሙ ቤቱን የማያውቅ ሆነ። ዛሬ ትከሻ፣ ነገ ዳሌ፣ ከነገ ወዲያ የእግር ጡንቻ። ሊጥ ማቡካት፣ በታክሲ ውስጥ ቆሞ ብረት ይዞ መሄድ፣ ልብስ መጭመቅ፣ አንድ በአንድ ከእጃችን ወጡ። ትንሿ ልጃችን እናቷን ከማቀፏ በፊት «እማዬ፣ ዛሬ ማቀፍ ይቻላል?» ብላ መጠየቅ ለመደች። አንዳንድ ቀን መልሱ «ትከሻዬን አይሆንም፣ እጄን ያዢኝ» ነው።

ከሕመሙ ጋር ድካም መጣ፤ ከድካሙ ጋር ደግሞ መርሳት። ለዓመታት በመዘምራን ውስጥ የዘመረችውን መዝሙር መካከል ላይ ስትደርስ ቃሉ ይጠፋባታል። ወጥ ጥዳ ትረሳለች። የምታውቀውን ሰው ስም ለመጥራት ትቸገራለች። ሰዎች «ምን እያሰብሽ ነው?» ይሏታል። እያሰበች አልነበረም፤ ደክሟት ነበር።

ሐኪም ቤት ተመላለስን። ደም ተመረመረ፣ ኤክስሬይ ተነሣች፣ ገንዘብ አጠራቅመን ኤምአርአይ አስነሣን። ወረቀቱ ሁሉ «ምንም የለም» ይላል። «ደህና ነሽ» ተብሎ መመለስ ለሌላ ሰው የምሥራች ነው። ለታመመ ሰው ግን ከበሩ እስኪወጣ ብቻ ነው የሚያስደስተው። ቤት ሲደርስ ሕመሙ እዚያው ነው፤ አሁን ግን ማስረጃ የሌለው ሕመም ሆኗል። ዲክሎፌናክ ተሰጠን፤ ትከሻውን ሳያሽል ጨጓራውን ነካ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሐኪም እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቀንን ጠየቀ። «ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» ሳይሆን «ጠዋት ሲነሡ ያረፉ ይመስልዎታል?» አለ። መልስ ከመስጠታችን በፊት እንባ መጣ። አስታማሚው ነበር የመለሰው፦ «ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ብትተኛም ቀኑን ሙሉ ስትቆፍር እንደዋለች ሆና ነው የምትነሣው።»

ሐኪሙ እንዲህ ሲል አስረዳን። ይህ ሕመም በደም ምርመራም በኤክስሬይም አይታይም። ምርመራው የሚያስፈልገው የሚመስሉትን ሌሎች ሕመሞች ለመለየት ነው፤ የታይሮይድ መዛባትን፣ የደም ማነስን፣ መገጣጠሚያን የሚያሳብጡ በሽታዎችን። እ.ኤ.አ. በ1990 የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅ ባወጣው መመዘኛ መሠረት ሐኪሞች በሰውነት ላይ 18 ነጥቦችን እየተጫኑ ቢያንስ 11ዱ የሚያሙ መሆናቸውን ያዩ ነበር። በ2010 ግን መመዘኛው ተለወጠ። በብዙ የሰውነት ክፍል ቢያንስ ለሦስት ወር የቆየ ሕመም፣ ድካም፣ የማሰብና የማስታወስ ችግር፣ እንዲሁም ሳያርፉ መነሣት አብረው መታየት ጀመሩ። እንግዲህ እኛ «ሌላ ችግር» ያልነው እንቅልፍ ራሱ የሕመሙ አንድ አካል ነበር።

ሕመሙ አጥንት አያጣምምም፣ መገጣጠሚያ አይበላም። የተዛባው ሕመምን የሚሰማው ሥርዓት ነው፤ ነርቮች፣ የጀርባ አጥንት ውስጥ ያለው ሕብለ ሰረሰርና አእምሮ። እኛ የተረዳነው በግቢ ውሻ ነው። ጥሩ ውሻ ሌባ ሲመጣ ይጮኻል። አንዳንድ ውሻ ግን ቅጠል ሲንኮሻኮሽም፣ ድመት ስታልፍም፣ ነፋስ በሩን ሲነካም ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። ሌባ የለም። ጩኸቱ ግን እውነተኛ ነው፤ በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ አይተኛም። «ሌባ ስለሌለ ውሻው አልጮኸም» ማለት አይቻልም። እንዲሁም ወረቀቱ ላይ ምንም ስላልታየ ሕመሙ የለም ማለት አይቻልም።

ተኝቶ አለማረፍ

እንቅልፍ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። በሌሊት ውስጥ ከቀላል ወደ ከባድ፣ ከዚያም ወደ ሕልም እየተመላለሰ የሚሄድ ነው፤ አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ጥልቁና ሰውነት የሚታደስበት እንቅልፍ በብዛት የሚገኘው በሌሊቱ መጀመሪያ ላይ ነው። ይህን ያወቅነው ዘግይተን ቢሆንም ብዙ ነገር ገለጠልን።

እ.ኤ.አ. በ1975 በካናዳ ቶሮንቶ ሃርቪ ሞልዶፍስኪ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አወጡ። ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ተኝተው የአእምሯቸው ሞገድ ሲታይ፣ በጥልቁ እንቅልፍ መካከል የነቃ ሰው የሚያሳየው ዓይነት ሞገድ ገብቶበት ተገኘ። ከዚያም ጤነኛ የሆኑ ጥቂት ፈቃደኛ ሰዎችን ሳያነቁ፣ ነገር ግን ወደ ጥልቁ እንቅልፍ እንዳይገቡ በድምፅ እየከለከሉ ለተወሰኑ ሌሊቶች አሳደሯቸው። ጤነኞቹ ሰዎችም ሰውነታቸውን ያማቸው ጀመር፤ ሲነኳቸውም ይሰማቸው ነበር። ሕመም እንቅልፍን ይሰርቃል፤ የተሰረቀ እንቅልፍ ደግሞ ሕመምን ያበዛል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ዙሩ ይቀጥላል።

ይህን ስንሰማ ተጽናናን። መድኃኒት ስላገኘን አልነበረም፤ ለሰባት ወር ለስምንት ወር «ስንፍና ነው» ተብሎ በሹክሹክታ ሲወራ የነበረው ነገር ስም ስላገኘ ነው። ሥጋዋ ይተኛል፤ አእምሮዋ ግን እንደ ጥበቃ ሠራተኛ ካፖርቱን ደርቦ በር ላይ ቁጭ ብሎ ያድራል። እንዲህ ያደረ ሰው ጠዋት «ስምንት ሰዓት ተኝተሽ ደግሞ ምን ያደክምሻል?» ሲባል የሚመልሰው የለውም።

የሚወዳቸውን እንቅልፍ የሚሰጥ ከሆነ

ሥጋን ከሚያመው በላይ ያመመን ጥያቄ የመጣው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በመዝሙር 127 ላይ እግዚአብሔር ለሚወዳቸው እንቅልፍን እንደሚሰጥ ተጽፏል። ብዙ ሰው ይህን ክፍል እንደ መጽናኛ ልኮልናል። አንድ ሌሊት ግን ታማሚዋ በጨለማው ውስጥ «እንግዲያው እኔን አይወደኝም ማለት ነው?» አለች። አስታማሚው ወዲያው መልስ አልነበረውም። እጇን ይዞ ዝም አለ።

መልሱን ያገኘነው በብዙ ሳምንታት ውስጥ፣ ያንኑ ክፍል ደጋግመን በማንበብ ነው። መዝሙሩ የሚናገረው ቤታቸውን በራሳቸው ትጋት ብቻ ሊያቆሙ ማልደው ለሚነሡና አምሽተው ለሚቀመጡ ሰዎች ነው። ከተማን የሚጠብቀው እግዚአብሔር ካልሆነ የጠባቂው ንቃት ከንቱ እንደሆነ ይነግራቸዋል። ጭንቀታችሁን አስቀምጡና ተኙ፣ ጠባቂ አለ ይላቸዋል። ይህ ለተጨነቀ ሰው የተሰጠ ግብዣ ነው። የታመመ ሰው እግዚአብሔር ምን ያህል እንደሚወደው በእንቅልፉ ሰዓት ቆጥሮ እንዲለካበት የተሰጠ ሚዛን አይደለም።

ሚዛን ቢሆን ኖሮ ሐዋርያው ጳውሎስ ምን ይሆን ነበር? በ2ኛ ቆሮንቶስ 11 ላይ መከራውን ሲዘረዝር እንቅልፍ ማጣቱን ከረሃቡ፣ ከጥማቱና ከብርዱ ጋር አብሮ ይጽፈዋል። አያፍርበትም። በጌታ ፊት ተወዳጅ የነበረ ሰው ብዙ ሌሊት ሳይተኛ አድሯል። ይህን ያነበብን ቀን በቤታችን አንድ ሸክም ወረደ።

ሌላም ጥያቄ ነበር፤ «መንፈስ ይሆን እንዴ?» የሚል። አንድ ጊዜ ወዳጆቻችን በመልካም ልብ ወደ አንድ የአዳር ጸሎት ወሰዱን። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ አነጋች። ሲነጋ አገልጋዩ «እምነት ቢኖርሽ ዛሬ በሄደ ነበር» አላት። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ከአልጋ አልወረደችም። እኛ በጌታ ኢየሱስ ስም ሥልጣን እናምናለን፤ አጋንንት እንደሚወጡም እናምናለን። ነገር ግን ማቴዎስ 4፥24ን ስናነብ ወንጌላዊው በልዩ ልዩ ደዌ የታመሙትንና አጋንንት ያደሩባቸውን ለየብቻ እየጠራ ይዘረዝራቸዋል። ጌታ ሁሉንም ተቀበላቸው፤ ሁሉንም ግን አንድ ስም አልሰጣቸውም። እኛም ከእርሱ ልንቸኩል አይገባንም።

ከክትክታው ዛፍ ሥር

በእነዚህ ዓመታት ደጋግመን የተመለስንበት ክፍል 1ኛ ነገሥት 19 ነው። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ እሳት ከሰማይ ወርዶ አይቷል። ከዚያ በኋላ ግን ከኤልዛቤል ዛቻ ሸሽቶ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጧል፤ ሞቱንም ይለምናል። ከዚያ ተኛ።

እግዚአብሔር መልአኩን ላከ። መልአኩ አልገሠጸውም። «ትናንት ያን ሁሉ አይተህ ዛሬ እንዴት እንዲህ ትሆናለህ?» አላለውም። ዳሰሰውና እንዲበላ ነገረው። በራሱ አጠገብ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውኃ ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ደግሞ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣ፣ ሁለተኛ ዳሰሰው፣ ሁለተኛ አበላው፤ ምክንያቱንም ሲነግረው መንገዱ እንደሚበዛበት ነው የገለጠለት። ጌታ የነቢዩን ሥጋ ልክ ያውቅ ነበር። ከስብከት በፊት እንቅልፍና እንጀራ ሰጠው።

ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር ብቻ ቢሆን በበቃን ነበር። ነገር ግን ሌላም አለ። ኤልያስ በዚያ ምግብ ኃይል እስከ ኮሬብ ተጓዘ። እዚያ እግዚአብሔር ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው፤ እርሱም ብሶቱን ተናገረ። ነፋሱ፣ የምድር መናወጡ፣ እሳቱ፣ ከዚያም ያ ዝግ ያለ ድምፅ መጣ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ጥያቄው ተደገመ፤ የኤልያስ መልስም ተደገመ። ቁጥር 10ንና ቁጥር 14ን ጎን ለጎን አንብቧቸው። ያው ብሶት ነው፣ በያው ቃል። ተኝቶ፣ በልቶ፣ ተጉዞ፣ የእግዚአብሔርን ድምፅ ሰምቶም ያንኑ ይናገራል።

እግዚአብሔር በዚህ አልተቆጣም። «ይህን ቀድሞ ነግረኸኛል» አላለውም። ሥራ ሰጠው፤ አብሮት የሚሄድ ኤልሳዕን ሰጠው፤ ብቻውን እንዳልሆነም ነገረው።

ለምን ይህን እንደምናነሣ ታማሚ ያለበት ቤት ሁሉ ይገባዋል። በየሳምንቱ በቤት ኅብረት «የጸሎት ርዕስ ያላችሁ» ሲባል አንዱ የሥራ፣ አንዱ የቪዛ፣ አንዱ የልጅ ፈተና ያነሣል። በሚቀጥለው ሳምንት የአንዱ ይመለስና ምስጋና ይሆናል። የእኛ ግን ያው ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያው ሕመም፣ ያው እንቅልፍ። ሰው ያፍራል። «ዛሬስ ዝም ልበል» ይላል። ኤልያስ ግን ሳያፍር ደገመው፤ የሰማውም ሳይሰለች ሰማው። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ሦስተኛ ሲጸልይ ያንኑ ቃል እንደ ደገመ ማቴዎስ ጽፎልናል። ስለዚህ አንድን ጸሎት መድገም የእምነት ማነስ ምልክት አይደለም። ወደ እርሱ እስከ ተመለስን ድረስ ያው ቃል ይበቃል።

የእማማ ተራ

በዚያው በጌቴሴማኒ ሌሊት ጌታ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት አብረውት እንዲነቁ ጠየቃቸው። እነርሱ ግን እንቅልፍ አሸነፋቸው። ወዳጅ ሁሉ ተኝቶ ብቻውን የነቃ ሰው ምን እንደሚሰማው ጌታችን ያውቃል። በሌሊት የምንጠራው እርሱን ነው።

እርሱ ደግሞ ሰው ላከልን። በቤት ኅብረታችን አንዲት እናት አሉ፤ ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ከኅብረት በኋላ ወደ ቤታችን መጡ። ጥቅስ አልጠቀሱልንም፤ ምክርም አልሰጡንም። የልጆቹን ዩኒፎርም ተኮሱ፣ ሳህን አጠቡ። ሊወጡ ሲሉ እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንቅልፍ አይበዛልኝም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነሣለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ያ ሰዓት የእኔ ተራ ነው። ብትነቁ እንኳ የሚጸልይ ሰው አለ ብላችሁ ዝም ብላችሁ ተጋደሙ።»

ይህች ቃል በቤታችን ያደረገችውን መናገር ያስቸግረናል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያሠቃየው ሕመሙ ብቻ አልነበረም። «ካልተኛሁ ነገ ምን እሆናለሁ? አሁን ተነሥቼ በብርቱ ካልጸለይሁ እምነቴ ምን ይሆናል?» የሚለው ፍርሃትም ነበረ። ፍርሃት ራሱ እንቅልፍን ያባርራል። እማማ ተራውን ሲወስዱ ፍርሃቱ ሄደ። ነቅቶ መጋደምም ዕረፍት ሆነ። አንዳንድ ሌሊት፣ ሁልጊዜ ሳይሆን አንዳንድ ሌሊት፣ ሳናውቀው እንቅልፍ ይወስደናል።

መዝሙር 121 እስራኤልን የሚጠብቀው እንደማያንቀላፋና እንደማይተኛ ይናገራል። ለብዙ ጊዜ ይህን የምናነበው ለአደጋ ጊዜ ብቻ ነበር። አሁን ግን ለመኝታ ሰዓት እናነበዋለን። እርሱ ስለሚነቃ እኛ መንቃት የለብንም። ብንነቃም ብቻችንን አልነቃንም። እርሱ ጠባቂያችን የሆነው እኛ ስላረፍን አይደለም፤ ሳናርፍም ይጠብቀናል። ይህን ለማመን ደህና መሆን አላስፈለገንም።

በቤታችን የተለወጠው

በጸሎት ማመን ሐኪምን መናቅ አይደለም። ኤልያስ እንጎቻውን እንደበላ እኛም የተሰጠንን እንቀበላለን። ለሌላ ቤት ይጠቅም እንደሆነ ጥቂቱን እንጻፍ።

በመጀመሪያ መራመድ። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት መመሪያ ከሕክምናዎቹ ሁሉ በጠንካራ ድጋፍ የመከሩት የአካል እንቅስቃሴን ብቻ ነው። ለሚያመው ሰው «ተንቀሳቀስ» ማለት ጭካኔ ይመስላል። እኛ የጀመርነው ከአምስት ደቂቃ ነው፤ ከበር እስከ ሱቁ። በወራት ውስጥ ግማሽ ሰዓት ደርሰናል። ማለዳ ስለምንወጣ የጠዋቱ ብርሃንም ለሌሊቱ እንቅልፍ ያግዛል።

ሁለተኛ፣ የመነሻ ሰዓታችን አንድ ነው። ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንነሣለን። ስልክ መኝታ ክፍል አይገባም።

ሦስተኛ፣ ቡና። የቡና ነገር በአገራችን ከባድ ነው። ጎረቤት ከሰዓት በኋላ ሲጠራ አይቀርም። ነገር ግን አንድ ሰው ከጠጣው ካፌይን ግማሹ ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም በደሙ ውስጥ አለ። ስለዚህ አቦሉን ጠዋት ቤታችን እንጠጣለን። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ስንሄድ ፈንዲሻውን እንበላለን፣ ጨዋታውን እንጫወታለን፣ ስኒውን እናሳልፋለን። አሁን ሁሉም ለምዶልናል።

አራተኛ፣ ደህና ቀን ሲመጣ አለመጨረስ። ሕመሙ ቀለል ያለ ዕለት የወሩን ልብስ ሁሉ ማጠብ ያምራል። ዋጋው ግን ሦስት ቀን አልጋ ነው። ስለዚህ በደህናውም ቀን ግማሹን ሠርተን ግማሹን እንተዋለን። በሰፈራችን ውኃ በፈረቃ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሌሊት ነው። በርሜል የሚሞላው፣ ጀሪካን የሚያነሣው አስታማሚው ነው፤ ታማሚዋም «ልርዳህ» ብላ አትነሣም። ይህ የተስማማንበት ነው።

አምስተኛ፣ መድኃኒት። ሐኪማችን ማታ የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን አዘዘ። «የጭንቀት መድኃኒት ነው እኮ» የሚሉን አሉ። ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ግን ለድብርት ከሚሰጠው በጣም ባነሰ መጠን ነው፤ ሕመምን ለማለዘብና እንቅልፍን ለመርዳት። ለሁሉም ሰው አይስማማም፤ ስለዚህ ከሰው ተቀብላችሁ አትጀምሩ። የጀመራችሁም ካላችሁ በአንድ ፕሮግራም ላይ «ድኛለሁ» ብላችሁ በዚያው ቀን አትጣሉት። ጌታ ከፈወሳችሁ ሐኪማችሁ ፊትም የተፈወሳችሁ ናችሁ፤ ከእርሱ ጋር ተነጋግራችሁ ትተውታላችሁ። በእንቅልፍ ውስጥ በኃይል የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው ካለ ደግሞ ይህን ለሐኪም ንገሩ፤ እርሱ ራሱን የቻለ የሚታከም ችግር ነው።

ይህ ሁሉ ሕመሙን አላጠፋውም። ከሳምንቱ ሰባት ቀናት ሁለቱ ወይም ሦስቱ ደህና ናቸው። ቀድሞ አንድም አልነበረም። ስለ እነዚህ እናመሰግናለን፤ ስለ ቀሩት ደግሞ ዛሬም እንለምናለን። ፈውስን መለመን አላቆምንም። ጌታ በአንድ ቃል ሊያደርገው እንደሚችል እናምናለን። እስከዚያ ድረስ ግን የምንኖረው ፈውስን ደጅ ቆሞ እንደሚጠብቅ ሰው ሳይሆን ቤት ገብቶ በአባቱ ማዕድ እንደተቀመጠ ልጅ ነው።

ለወገኖቻችን

በቤተ ክርስቲያናችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ጥቂት ነገር እንለምናችሁ። መልኩ ደህና ስለሆነ ሰውነቱ ደህና ነው አትበሉ። በአምልኮ ሰዓት ቁጭ ቢል ቀዝቅዟል አትበሉ፤ ታማሚዋ ዛሬ ተቀምጣ ነው የምትዘምረው፣ ጌታም ይሰማታል። የአዳር ጸሎት ቢቀር አትታዘቡት። «አሁንም አልተሻለሽም?» ከማለት «ዛሬ ምን ላግዝ?» በሉ። የጸሎት ርዕሱን ለመቶኛ ጊዜ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማችሁ ሆናችሁ ስሙት። አስታማሚውንም አትርሱ፤ እርሱም አልተኛም።

ይህን በሌሊት የምታነቡ ካላችሁ፣ ሁሉ ተኝቶ እናንተ ብቻ ስልክ ይዛችሁ የነቃችሁ፣ አብረን እንጸልይ፦

አባት ሆይ፣ ደክሞናል። ሥጋችንን አንተ ሠርተኸዋልና ልኩን ታውቃለህ። ትናንት የነገርንህን ዛሬም እንነግርሃለን፤ ሰምተህ ስለማትሰለች እናመሰግንሃለን። ፈቃድህ ቢሆን ዛሬ ሌሊት ጥልቅ እንቅልፍ ስጠን። ባይመጣም አንተ እንደነቃህ እንድናስታውስና ያለ ፍርሃት እንድንጋደም እርዳን። ከሐኪሞች እጅ የሚመጣውን እርዳታ ባርክ። ተራችንን የሚይዙልንን ወገኖች አብዛልን። ለነገው የሚበቃ እንጀራና ለነገው የሚበቃ ጉልበት ስጠን። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።